ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሞት ሳጥን

መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና አንድ እግሬን ሳወርድ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ጠራኝ። ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው፤ ቅጠል ሲጠርግ የሚውል፣ ወሬ የማያበዛ። «አባትሽን ቅድም ከመንገዱ ጫፍ መለስኳቸው። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረጉት፤ ጃኬትም አልለበሱም» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ፈገግም አልኩ መሰለኝ። ስልኬ ግን አልጮኸም ነበር።

መጮህ ነበረበት። አባባ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ፣ የፊት በራችን በተከፈተ ቁጥር ስልኬን የምታስጮህ አንዲት ሳጥን በገዛ እጄ ሠርቼ በሩ አጠገብ ካለው የጫማ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። የእጅ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ በሩን መጠበቅ። እሷን አምኜ ነው ከቤት ሆኜ ስብሰባ የምገባው፣ ገላዬን የምታጠበው፣ እንቅልፍ የምተኛው።

ስገባ አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ የወንድሜ ሚስት ሶፋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። ሁሉም ሰላም ነው። የሳጥኗ ቀይ መብራትም በርቷል፤ ኤሌክትሪክ አላት ማለት ነው። አረንጓዴዋ፣ ሥራ ላይ ነኝ የምትለዋ፣ ግን ጠፍታለች።

«አባባ ወጥተው ነበር እንዴ?» አልኳት።

«የት?» አለች። «እኔ እኮ ታች ቤዝመንት ልብስ ሳደርቅ ነበር፣ ድራየሩ ጋ። ስመጣም እዚሁ ናቸው።»

አየኋት። እኔ ሰው ሳይ ቆየት አድርጌ ነው የማየው፤ ወንድሜ ፖሊስ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው። የምሠራው ሶፍትዌር ፍተሻ ነው፤ ሌሎች ሠርተን ጨረስን ያሉትን ተቀብዬ ያላለቀበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ባለማመኔ ነው። ይህ ጠባይ ቢሮ ቢያስመሰግነኝም ቤት ውስጥ ብዙ ወዳጅ አላተረፈልኝም።

ማታውን ወንድሜ ደወለ። ታናሼ ነው፤ እኛ ሲያትል ነን፣ እሱ እዚሁ አቅራቢያ ታኮማ ይኖራል፤ ነርስ ነው። ቅዳሜ ሚስቱን እኛ ቤት አድርሶ ተረኛ ይገባል፣ ሲወጣ ይወስዳታል። የአፓርታማቸው ማጠቢያ ሁልጊዜ ወረፋ ስላለበት የሳምንት ልብሳቸውን ይዛ ትመጣለች፤ በዚያውም ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቢሮ ስውል ከአባባ ጋር ትሆናለች። እንዲህ ሆነን ነው የምንኖረው።

«ሶ፣ ወጥተዋል» አለ።

«ወጥተው ተመልሰዋል።»

«ማን መለሳቸው? ሳጥንሽ?»

«ጎረቤታችን» አልኩት።

«ሶሪ እትዬ፣ ተነጋግረናል። አንድ ጊዜ ደግመው ማንም ሳያውቅ ከወጡ ኦበርን ይገባሉ። መኪና ቢገጫቸው ምን ልንል ነው?»

ኦበርን የሚለው የሚስቱ አክስት ልጅ የከፈተችውን የአረጋውያን መኖሪያ ነው። አይቼዋለሁ፤ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። ግን አንድ ቀን ልንጎበኝ ብለን አባባን ስንወስዳቸው ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «እንግዲህ እንሂድ» እያሉ ዋሉ። ሰው ቤት ተጋብዞ ቆየን፣ አበዛን የሚል እንግዳ ፊት ነበራቸው። ያንን ፊት በየቀኑ አድርገው ሲኖሩ ማሰብ አልችልም። እዚያ አንድ ክፍል ባዶ መሆኑንም በቅርቡ ሰምቻለሁ። ሰምቼም በልቤ ይዣለሁ።

ሳጥኗን እንዳለች ሳልነቅላት ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘኋት። ነጭ ጽሑፍ ተደርድሮ መጨረሻው ላይ ከርነል ፓኒክ ይላል። ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ ተነሥቶ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ዋናው ፕሮግራም ነው። እሱ ተነሥቶ ፋይሎቹ ያሉበትን ሜሞሪ ካርድ ፈልጎ ካጣ ይደነግጣል፤ ደንግጦም እዚያው ይቆማል። ሰው መጥቶ ነቅሎ ካልሰካው በቀር አይነሣም።

የሚያናድደው ከርነሉ የራሴ መሆኑ ነው። ሳጥኗ የምትሠራበት ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ለሁሉም የሚሆን ዝግጁ ከርነል አለው፤ በሩ ሲከፈት ምልክቱን የሚይዝልኝን ርካሽ መቀበያ ግን አላወቀልኝም። ስለዚህ የከርነሉን ምንጭ አውርጄ፣ መቀበያውን የሚያውቅ ክፍል ጨምሬ፣ በር ለመጠበቅ የማያስፈልገውን ሁሉ ቆርጬ ጥዬ፣ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ራሴ ኮምፓይል አደረግሁት። ድምፅ አወጣሁ፣ ካሜራ አወጣሁ፣ ሲነሣ የሚያዘገየውን ነገር ሁሉ አወጣሁ። ሶኬት ላይ ስሰካት ዓይኔን ሳልከድን ነበር የምትነሣው። ኮርቼ ለባልደረቦቼ ሁሉ ቪዲዮ አሳይቻለሁ።

ያንን ሳምንት ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ መረመርኳት። ቻርጀሩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ካርዱን አዲስ ገዝቼ ሁሉንም ገለበጥኩበት። አጥፍቼ አበራኋት፤ ተነሣች። ደግሜ ደጋግሜ አጥፍቼ አበራኋት፤ እንደ ሰዓት ተነሣች። እኔ ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ በትእዛዝ አጠፋታለሁ፣ መብራቷ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው የምነቅላት። እንዲህ ሳደርጋት አንድ ጊዜ እንኳ አልደነገጠችም። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንደሚለቅ ሕመም ዓይነት ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ብልሽት ያሳብደኛል።

ከዚያ ሳጥኗ የምትሠራውን ሁሉ የምትመዘግብበትን ፋይል ከፍቼ አነበብኩ። ኮምፒውተር በሥርዓት ሲጠፋ ይሰናበታል፤ ይህን ዘጋሁ፣ ያንን ዘጋሁ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ግን ስንብት የለም። ጽሑፉ በመሐል ተቆርጧል። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜም ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ ከሥራ መጥቼ ሞታ አግኝቻት፣ የሆነ ነገር ሆኖ ነው ብዬ ነቅዬ ሰክቼ አልፌው ነበር። ሳጥኗ አልታመመችም። አንድ ሰው ከሶኬት ነቅሏታል፤ ነቅሎም መልሶ ሰክቷታል።

ይኼኔ የማይክሮዌቩ ሰዓት ትዝ አለኝ። ያን ቅዳሜ ዜሮ ላይ ቆሞ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ልክ አስይዤው እያጉረመረምኩ እራት አሙቄበታለሁ። እሱም ተነቅሎ ነበር ማለት ነው።

«አባባ፣ ይህችን ሳጥን ማን ነው የነካት?» አልኳቸው፣ ይዣት ፊታቸው ቆሜ።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። «ይህችን? እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ አልነካም። ውድ ትመስላለች። ደሞ ለምን ታፈጥብኛለች?»

«አታፈጥብዎትም፤ በሩን ነው የምታየው።»

«በሩ ምን አደረጋት?» አሉ፤ መልስም አልጠበቁ፣ ወደ ቴሌቪዥናቸው ዞሩ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ነው የሚገባው። እኔ ቢሮ ነበርኩ። አባባ አያስታውሱም። ቅዳሜ፣ ቤዝመንት፣ ድራየር፣ ኦበርን፣ ባዶ ክፍል። ነገሩ በራሱ እግር ሄዶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሳጥኗ እንደማትታመን ከታየ፣ አባባም አንድ ጊዜ ደግመው ከወጡ፣ ክፍሉ ሰው አገኘ ማለት ነው። የወንድሜ ሚስት ክፉ ናት አላልኩም። ለእሳቸው ይሻላል ብላ ልታደርገው ትችላለች፤ ሰው ለበጎ ብሎ የሚሠራው ተንኮል ደግሞ ማቆሚያ የለውም።

ረቡዕ ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ። «እትዬ፣ ሚስቴን ነው እኮ የምትዪው። በራስሽ ሥራ ላይ ሚስቴክ አይኖርም?»

«ይኖራል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ሚስቴክ አላውቅም» አልኩት። «እኔን አትመን። መጥተህ በዓይንህ እይ። ምንም ካላየን እኔው ራሴ ኦበርን ወስጄ አስገባቸዋለሁ።»

ይህን ማለቴን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። አባቴን አስያዝኩ እኮ፤ ያውም ትክክል መሆኔን ለማሳየት።

ቅዳሜ ወንድሜ እረፍት ወሰደ። ሚስቱን እንደ ወትሮው አደረሳት፣ ቻው ብሎ ሄደ፣ ዞሮ ተመልሶ ጥጉ ላይ ቆመ። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ፣ ሰፈሩን ዞርኩ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ከጎረቤቱ ዛፍ ሥር መኪናዬን አቆምኩ። እሱ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ አጠገቤ ገባ። ዝናቡ አንዴ ያካፋል አንዴ ይተዋል። እዚህ በኅዳር አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን መንገዱ ይጨልማል፤ መጋረጃችን አይዘጋም፣ ሳሎኑ ከነአባባ ወለል ብሎ ይታያል። እንዲህ ሆኖ የገዛ ቤትን መሰለል ያስጠላል። ወንድሜ ከኔ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል።

ሚስቱ የልብስ ቅርጫቷን ይዛ በሳሎኑ አለፈች። ሳጥኗን ዞር ብላም አላየቻትም። ወደ ቤዝመንት ወረደች።

ትንሽ ቆይቶ የሳሎኑ መብራት ደብዘዝ አለና ተመለሰ። ቤታችን አሮጌ ነው፤ ድራየሩ ሲነሣ መብራቱ ለአንድ አፍታ ይደክማል። እኔ የማደርቀው አባባ ከተኙ በኋላ ስለሆነ ነገሬም ብዬው አላውቅ።

አባባ ቀና አሉ። አምፖሉን አዩ። ተነሡ። በእርጋታ፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው ጎንበስ አሉ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ወደ ወጥ ቤት ገብተው ወጡ። ራስጌያቸው ያለውን መብራት ነቀሉ፤ ሳሎኑ ጨለመ። ከዚያ ወደ ጫማ መደርደሪያው ጎንበስ ሲሉ ጥላቸውን አየሁ። በሩ ተከፈተ። ስልኬ ጭጭ አለ።

በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርደው መንገዱ ዳር ቆሙ። በቀኝ ያሉትን ቤቶች አዩ። በግራ ያሉትን አዩ። ጎረቤቱን አዩ። ሁሉም ቤት በርቷል። ትንሽ ወደ ጥጉ ሄደው ከዛፎቹ ባሻገር ያለውን ሰፈር አዩ።

ወንድሜ «ወይኔ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። አባባ ሲያዩት አልደነገጡም። ድሮም እዚያ የላኩት ይመስል «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» አሉት።

አዲስ አበባ ልጆች ሆነን መብራት ሲሄድ ይህ የወንድሜ ሥራ ነበር። አባባ፣ ሲመጣ በኃይል መጥቶ እንዳያቃጥል ብለው ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ይነቅላሉ፤ እሱን ደግሞ «ውጣና እይ፣ የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» ብለው ይልኩታል። የሰፈሩ ከሆነ ሻማ ይለኮሳል፤ የኛ ብቻ ከሆነ ቆጣሪው ይታያል። መብራት ሲመለስ የነቀሉትን አንድ በአንድ መልሰው ይሰካሉ። ሲያትል ገብተው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ስማችንን እያምታቱ እንኳ፣ ይህን አልረሱም። መንገድ አልጠፋባቸውም። የሚልኩት ልጅ ስላጡ ራሳቸው ወጥተው ነው።

«የኛ ብቻ ነው አባባ» አለ ወንድሜ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ይግቡ። ይመጣል።»

ይኼኔ ሚስቱ በስልኳ መብራት እያበራች ከቤት እየሮጠች ወጣች። ክንዷ ላይ ፎጣ አለ። ባሏን አየች፣ እኔን አየች፣ ዛፉ ሥር የቆመውን መኪናዬንና መስተዋቱ ሥር የተቀመጠውን የቡና ኩባያ አየች። ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም።

«እኔን ነው የምትጠብቁት?» አለች።

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። እሷ ከድራየሩ የወጣውን ትኩስ ፎጣ አባባ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ከዚያ ግማሹ ያልደረቀውን ልብስ ቅርጫቷ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ባሏ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

ወንድሜ ከመሄዱ በፊት በር ላይ ቆሞ «ኦበርን ይቅር» አለኝ። «እየጠፉ አይደለም፤ ግን ቅዳሜ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሰው ካለ እዚሁ ይቆያሉ።» ወደ መኪናው ዞሮ አየ። ሚስቱ ፊት ለፊት መንገዱን ትመለከታለች። የትኛው ሰው እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሳጥኗን መጠገን ቀላል ሆነ። ሥርዓቴን ትቼ፣ እየሠራች ሳለ ድንገት ነቅዬ ወዲያው ሰካኋት። በመጀመሪያው ሙከራ ደነገጠች። ሜሞሪ ካርድ እየጻፈ ሳለ ድንገት ሲነቀል፣ በሚቀጥለው ሲበራ ራሱን እስኪሰበስብ ትንሽ ይዘገያል። የኔ ከርነል ደግሞ ጠርቶ ወዲያው አቤት ካልተባለ የለም ብሎ ይደመድማል፤ መዘግየቱን ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ካርዱ እስኪነቃ ጠብቅ የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ጨመርኳት። ሲነቅሏት እንዳትሞት ትንሽ ባትሪም አደረግሁላት።

የወንድሜ ሚስት በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ሥራ አላት አለኝ ወንድሜ። የሥራ ተራዬን ከሰው ጋር ለውጬ ቤት ዋልኩ። ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣችም፤ ዳግመኛ ተራ ስለውጥ አለቃዬ ይህ የመጨረሻው ይሁን አለኝ። እኔ ይቅርታ የሚባል ነገር በቀላሉ የሚወጣልኝ ሰው አይደለሁም። «ድራየሩ ነፃ ነው» ብዬ ቴክስት አደረግኳት። አላየችውም፤ ወይም አይታ ተወችው። አባባ «ያቺ ልጅ ምነው ቀረች?» ይላሉ፣ ይረሱታል፣ ደግሞ ይላሉ።

በዚያው ሁለተኛ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሳጥኗን በወጉ ልፈትናት ወሰንኩ። ፈታሽ ነኝና ሲነገረኝ አላምንም፤ ባየውም የማምነው ሲደገም ነው። አባባን ወንበራቸው ላይ ትቼ ቤዝመንት ወረድኩ፣ ባዶውን ድራየር አስነሣሁ፣ ቶሎ ወጥቼ ወጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ። መብራቱ ደብዘዝ አለ። አባባ ተነሡ፣ አንድ በአንድ ነቀሉ፣ ሳጥኗንም ነቀሉ፣ በሩን ከፈቱ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እንዴት ደስ አለኝ! ለአፍታ ሌላውን ሁሉ ረስቼ እየሳቅኩ ተከትያቸው ወጣሁ።

መንገዱ ዳር ቆመው ቤቶቹን ያያሉ።

«የኛ ብቻ ነው አባባ። ይመጣል፣ እንግባ» አልኳቸው።

አልተንቀሳቀሱም። «ታዲያ ያቺን ልጅ ጥሪያት እንጂ» አሉ። «ማሽኑ ሲሠራ ይሰማኛል። ታች ጨለማ ውስጥ ናት።»

«የለችም እኮ አባባ።»

«ጥሪያት። እሷን ትቼ አልገባም።»

ደወልኩላት። ብዙ ከጠራ በኋላ አነሣችው። «ሃሎ» አለች፣ ደረቅ ብላ። ከበስተጀርባዋ የማጠቢያ ማሽኖችና የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወረፋ ላይ ነበረች።

«አባባ ታች ጨለማ ውስጥ ናት ይሉሻል» አልኳት። «ካልወጣች አልገባም ብለዋል።»

ይቅርታ ልል አየር ሳብኩ።

«ውጭ ናችሁ?» አለች።

«ውጭ ነን።»

«ጃኬት ለብሰዋል?»

አየኋቸው። አልለበሱም። እየዘነበባቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ስልኬ በመጮኹ ስቦርቅ፣ አጠገባቸው ቆሜ እንኳ ልብ አላልኩም።

«አልለበሱም» አልኳት።

«የራስሽን አልብሻቸዋ! መጣሁ በያቸው። አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ስጪኝ እስቲ።»

ጃኬቴን አውልቄ ትከሻቸው ላይ አደረግሁና ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ቆይተው አዳመጡ።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት። «የኛ ብቻ ነው። ይመጣል።»